ምን አለች?

ጦሳ ጉሙን ጥሎ ፒያሳን ሲያለብሳት፣
ቅዳሜ ማታ ነው፤ አባቴ አስነሳት።
ከቆርቆሮ ሣጥን እንደ መቀነት አውጥቶ፣
በማሽኑ ጥርሶች ጫፏን አስገብቶ፣
ሞተሩ ሲያስል፣ ሸራው ሲነጣ
ኤልሲ ታርንዌል ብቅ አለች በባርኔጣ፣
ከንፈሯ እየሮጠ፣ ድምጿ ግን ሳይመጣ።

እንግሊዝ ሲወጣ አንድ ሻምበል ነው አሉ
በመጠጥ ዕዳ አሲዟት የሄደው፣ ከነማሽኑ ከነሁሉ።
አምስት ጥቅል ነበረች። ስድስተኛው የለም።
አባቴም «ይሁን» አለ፣ «መቼ አልቃ ታውቃለች ዓለም?»

ታሪኳን የነገረችን የቦሩ ሜዳ ነርስ ናት፤
ከሣጥኑ ክዳን የጋዜጣ ቁራጭ አገኘች፣ አነበበችው።
የዓሣ አጥማጅ ልጅ። ከሰሜን ወደብ።
እጇን ጨው የበላው፣ ዓሣ ስትዘነጥል ያደገች።
በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሎንዶን ገባች፤ ካሜራ ወደዳት።
አሥራ አንድ ፊልም፦
ሦስቴ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፣ ሁለቴ ሰጠመች፣
አንዴ ወንድ መስላ ፈረስ ሰረቀች።
ከዚያ ፊልም አፉን ፈታ።
«ተናገሪ» አሏት። ተናገረች፤
ከሐር ፊቷ ውስጥ የወደብ ምላስ ወጣ፣
ሻካራ፣ ገመድ የሚጎትት፣ ዓሣ የሚጣራ።
ሳቁ። በማግስቱ ስሟ ከደጃፉ ተፋቀ።
ነርሷ መነጽሯን እየወለወለች
«አክስቴ ከእሷ ሱቅ ጓንት ትገዛለች» አለች።

እኛ ዘንድ ግን ደህና አድርጋ ትናገር ነበር።
እንድሪስ ሙሄ፣ ቀን የወፍጮ ቤት ዱቄት ሲያስለው የሚውል፣
ማታ ከሸራው ጥግ ይቆማል፤
አፏ ሲከፈት ይከፍታል፣ ሲዘጋ ይዘጋል።
«ምን አለች?» ይላል ሰዉ።
«ኧረ ወዲያ! ሀብትህ ላንተ ነው፣
እኔን አባቴ ደጅ መጥናት አላስተማረኝም!» አለች።
ፉጨት። ጭብጨባ።
ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚከራከሩ ሴቶች
ያንኑ ይደግሙታል፣ ወገባቸውን ይዘው።

የአምስተኛው ጥቅል ጫፍ ላይ መርከብ ይነሳል፤
መርከበኛው እጁን ያነሳል፤
ፊቷ ሸራውን ይሞላል፣ ከንፈሯ ቀስ፣ ቀስ...
እዚህ ላይ አባቴ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፦
«አብሽር። መንገድህ ይቅና። እኔ እዚሁ ነኝ።»
ሦስተኛው ረድፍ ላይ እትዬ አሚናት፣
ልጇ በጭነት መኪና ረዳትነት አሰብ ወርዶ የቀረባት፣
በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትይዛለች።
በየቅዳሜው። ሁሌ እዚያው ቦታ።

አባቴን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳው።
ለነርሷ አስጻፈ፦ «እመቤቴ፣ ወደቡ ላይ ምን አልሽ?»
ክረምት አለፈ። መልስ መጣ፣ በእርሳስ፦
«ምንም። አልቅሺ አሉኝ፤ እንባዬ እንዳይቀድመኝ
ከአንድ እስከ አሥር ቆጠርኩ።
በናንተ አገርስ ምን አልኩ?»

በዚያ ቅዳሜ መርከቡ ተነሳ። ፊቷ ሞላ።
«ምን አለች?»
አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።
«አንድ» አለ።
«ሁለት።»
አግዳሚ ወንበር ሲንሿሿ ሰማሁ።
«ሦስት...»
«እንድሪስ!» እትዬ አሚናት ቆማለች፣
ጥላዋ ከኤልሲ አገጭ ላይ ወድቆ።
«ምነው ዛሬ ትዋሻለህ? ዐይን የለኝም?
አብሽር ነው ያለችው። አፏን አየዋለሁ።»
ማንም አልሳቀ።
አባቴ ቁጥሩን አልቀጠለም፤ ሌላም አልተናገረ።
ፊልሙ አለቀ፣ ጫፉ ጠፍ ጠፍ ጠፍ እያለ
በባዶ ሸራ ላይ ዞረ፣ ዞረ።

ለጥያቄዋ መልስ ይጻፍላት አይጻፍላት አላውቅም።
አዳራሹ ዛሬ የጎማ መጋዘን ነው፤
ማሽኑን ለብረት ለቃሚ ሸጥነው።
እኔ ግን ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣
ወይ ሌሊት ስልክ ሲጮህ፣
ከንፈሬ ይቆጥራል፣ ሳላውቀው፤
ሰባት ላይ ወይ ስምንት ላይ ይጠፋኛል።
ልጄ ፊቴን ታየኝና
«እማ፣ ምን አልሽ?» ትለኛለች።